የመርዶ ነጋሪዋ ወንበር

መርሃዊት መብራህቱ እግሯ አያርፍም። ከተቀመጠች ቀኝ እግሯ ከጠረጴዛው ስር ይወዘወዛል፣ ከቆመች ካንዱ እግር ወደ ሌላው ትቀያይራለች፣ ተኝታ እንኳ ብርድ ልብሱን ስትረግጥ ታድራለች። እናቷ ወይዘሮ ማሚት፣ "ይሄ እግር ሲሮጥ ይውላል፣ የደረሰበት አገር ግን የለም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ጠዋት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው የእናቷ ቤት ትወጣለች፣ ካዛንቺስ አንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ውስጥ የደንበኛ ማመልከቻ ስትቀበል ትውላለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሥራው አልከፋትም። የከፋት ሌላ ነው፤ እግዜር ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ሲያድል እኔ የት ሄጄ ነበር የሚለው ሐሳብ እንደ ጥርስ ሕመም ይዟታል።

ያልሞከረችው የለም። ሜካፕ ተማረች፤ የመጀመሪያዋን ሙሽራ አስውባ ብታወጣት የሙሽራዋ እናት "ልጄን ማን መታብኝ?" አሉ። ፎቶ ማንሳት ጀመረች፤ የሰው ጭንቅላት እየቆረጠች ስታስቸግር ካሜራውን ሸጠችው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በኦንላይን ልማር ብላ ሁለተኛው ትምህርት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጎህ ሲቀድ መስቀል አደባባይ እየወረደች ከሯጮቹ ጋር ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ሰነበተች፤ በመጨረሻ ጉልበቷ አብጦ ወጌሻ ቤት ተገኘች። ሰው እንዲህ ራሱን ሲፈልግ መዋሉ ያሳዝናል፣ ትንሽም ያስቃል።

አብሮ አደጓ ሉሊ ግን ተሳክቶላታል። ኬክ ትጋግራለች፣ ኬኩን በቴሌግራም ትሸጣለች፣ ኬኩን ስትጋግርም ራሷን እየቀረጸች ለሰው ታሳያለች። አንድ ቅዳሜ ወሎ ሰፈር ካፌ ተቀምጠው ሉሊ ስልኳን አቀበለቻት።

"ይሄን ቴስት ሙይው። ታለንትሽን ይነግርሻል። ማለቴ፣ ታለንቱን ያላወቀ ሰው በቃ፣ ዝም ብሎ ነው የሚያረጀው።"

መርሃዊት ሞላችው። ውጤቱ "እርስዎ የተፈጥሮ መሪ ነዎት" አለ። ሁለቱም ተያዩና ሳቁ። የታክሲ ረዳት ወራጅ ስትለው ሰምቶ እንዳልሰማ ሲያሳልፋት ዝም ብላ ተጉዛ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ የምትወርድ ሴት ናት የተፈጥሮ መሪዋ።

"እግርሽን አሳርፊዋ፣ ማኪያቶዬ ተደፋ" አለቻት ሉሊ።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በማግሥቱ እሁድ ነው። ገና ሳይነጋ ወይዘሮ ማሚት ልጃቸውን ቀሰቀሷት። የጎረቤታቸው የእትዬ አምሳለ ልጅ ኪዱ፣ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር፣ ቅዳሜ ከሰዓት መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። እናቱ አልሰማችም። እንደ አገሩ ደንብ መርዶ በማታ አይነገርም፤ ሰው እራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ፣ ሲነጋጋ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ብለዋል የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረክርስቶስ።

"እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። አንቺ ሂጂልኝና ከኋላ ቁሚ" አሏት እናቷ።

መርሃዊት ሄደች። ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቧል። አቶ ገብረክርስቶስ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ለሁሉም ትእዛዝ ሰጡ፦ ሴቶች ነጠላ እንዳትዘቀዝቁ፣ ጥቁር የለበሰ ይመለስ፣ እስክናገር ድረስ ማንም ፊቱን እንዳያጠቁር፣ ሴትዮዋ ከሩቅ አይታ እንዳትደነግጥ። ሰዉ ታዘዘ። ሽማግሌዎቹ ሱፍ ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ሴቶቹ የጥለት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ፈታ አድርገው ገቡ። ጥንቃቄ ሲበዛ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እትዬ አምሳለ በሩን ከፍታ በእሁድ ማለዳ አምረው የተሰለፉ ሽማግሌዎች ስታይ ምን ታስብ? ሴት ልጇ ጦቢያን የሚፈልግ ልጅ እንዳለ ከፋሲካ ጀምሮ ትሰማለች። ጦቢያ ራሷ በምትሠራበት ሆቴል የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበረች፤ የሚያመጧት ሰዎች ገና በመንገድ ላይ ናቸው።

የእትዬ አምሳለ ፊት በራ።

"እኔን ጉድ፣ ልጅቷ እንኳ ሳትነግረኝ" አለች። "ግቡ፣ ግቡ።" ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ሳቋ መጣ። "ምነው ተቀመጣችሁሳ? ሽማግሌ እሺ ሳይባል ይቀመጣል እንዴ ዘንድሮ?"

አቶ ገብረክርስቶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። "እኛ እንኳ... እንዴት ነሽ ልንልሽ ነው። ደህና ነሽ ወይ አምሳለ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እሺም ቢሆን እምቢም ቢሆን ግን እኔ አልናገርም። አባቷ በሌለበት አባቷ ወንድሟ ነው። ኪዱ ዛሬ ማታ ይገባል፤ እሱ ያለውን ትሰማላችሁ። እስከዚያ ቁርስ ቅመሱ።"

ይህን ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ወለሉን አየ። አንዱ አንዱን በክርኑ ጎሸመ፤ አንተ ንገራት፣ የለም አንተ ትቀርባታለህ፣ ቄሱ ይምጡ። ከማድ ቤት እንቁላል ሲሰበር ይሰማል፣ ሴትዮዋ ለራሷ ታንጎራጉራለች። መርሃዊት በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ይህቺ እናት አንድ እንቁላል በሰበረች ቁጥር በኋላ የምታፍርበት ነገር እየጨመረች ነው። ማንም ሳይልካት ማድ ቤት ገባች።

ቡታጋዙን አጠፋችው። እንቁላሉን ከእትዬ አምሳለ እጅ ተቀበለችና አስቀመጠችው። በርጩማ ስባ አስቀመጠቻት፣ ሌላ በርጩማ አምጥታ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ከፊቷ ተቀመጠች። እጇን ያዘች።

"እትዬ አምሳለ፣ ሽማግሌ አይደሉም። ኪዱ ሞቷል። ትናንት ከሰዓት፣ መንገድ ላይ፣ መኪናው ተገልብጦ።"

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየቻት። "እንቁላሉ ያራል" አለች።

"አጥፍቼዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። መርሃዊት እጇን አልለቀቀችም፤ ሴትዮዋ ስትወድቅ አብራ ወደቀች፣ ስትነሳ አብራ ተነሳች፣ ማታ እዚያው ፍራሽ ላይ ጎኗ ተኛች። በሥልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሻይ ስትቀበል አንድ ነገር ልብ አለች። ያ የማያርፍ እግሯ እሁድ ማለዳ ከዚያች በርጩማ ላይ ከተቀመጠች ወዲህ አልተወዛወዘም።

ስለዚህ ተሰጥኦዋን አገኘች ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ማን ነው እንዲህ ያለ ተሰጥኦ የሚፈልግ? የዕድሩ ሰዎች ግን አገኙ። እትዬ አምሳለ ለጠየቃት ሁሉ፣ "ያቺ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነገረችኝ ነው ያላበድኩት" ትል ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር አቶ ገብረክርስቶስ የወይዘሮ ማሚትን በር ያንኳኩ ጀመር። መርሃዊት እምቢ ማለት አልሆነላትም። ሄዳ በርጩማዋን ስባ ትቀመጣለች፣ እውነቱን ሳትጠመዝዝ ትናገራለች፣ የተነገረው ሰው ጉልበቱ እስኪጸና አትነሳም። ለሰዓታት ሊሆን ይችላል፣ ለቀናትም።

ዋጋውን ለማወቅ ብዙ አልቆየችም። አንድ ማለዳ እናቷ ወንፊት አጥተው ወደ ወይዘሮ ቡዜ ላኳት። አንኳኳች። ወይዘሮ ቡዜ ከፈተች፣ አየቻት፣ የበሩን መቃን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች።

"ማን ነው? ወንድሜ ነው? ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ።"

"ወንፊት ፈልጌ ነው፣ እትዬ ቡዜ። ወንፊት።"

ውሃ ረጭተው አነሷት፤ ከዚያም መርሃዊት የስድብ መዓት ወረደባት። ሌላ ቤት ስትሄድም ሰዎች መጀመሪያ ፊቷን ያነባሉ፣ ከዚያ ነው ሰላም የሚሏት። ልጃገረድ ሆና የሠርግ ጠሪ መሆን ሲገባት ቁራ ሆና አረፈችው። ማታ ማታ እግሯ እንደገና ብርድ ልብሱን መርገጥ ጀመረ።

"ለአንዱ ኬክ ይሰጠዋል፣ ለአንዱ ድምፅ ይሰጠዋል" አለቻት ሉሊን። "ለእኔ መርዶ። ምን ይባላል ይሄ?"

ሉሊ ስልኳን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። "በቃ፣ ይሄ... ቪዲዮ አይሠራለትም" አለች በመጨረሻ።

ያሳረፋት ሰው የተገኘው ቢሮ ነው፤ ቢያንስ እሷ ያኔ እንዲያ መስሏት ነበር። የቢሮ ባልደረባዋ ያደታ አባቱ ሞተው ቤተሰቦቹ ስልክ ደወሉ፦ እንዳትነግሩት፣ አባትህ ትንሽ ደክመዋል ብላችሁ ወደ ቤት ላኩልን። ቢሮው ተተረማመሰ። አንዷ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፣ አንዱ ያለ ምክንያት ያደታን ምሳ ጋበዘው። ያደታ ግራ ገባው። መርሃዊት የአባቱን ሞት ማን ሊያረዳው እንደተዘጋጀ በስልክ ጠየቀች፤ አጎቱ እንደሆኑ ሰማች። "አባትህ ደክመዋል፤ አብሬህ ልሂድ" ብላው ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እስከ ቤቱ አደረሰችው፣ አጎቱ ሲነግሩትም ወንበር ስባ ጎኑ ተቀመጠች። ወደ ሥራ ሲመለስ አመስግኗት ለሁሉም አወራ።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፀሃዬ በሳምንቱ ቢሮው አስጠራት። ልብሱ የማይጨማደድ፣ ንግግሩም የማይጨማደድ ሰው ነው።

"መርሃዊት፣ አንቺ ተሰጥኦ አለሽ" አላት።

ይህን ቃል ስትሰማ ሌላው ሁሉ ጠፋባት። በሕይወቷ ማንም ይህን ብሏት አያውቅም፤ ቴስቱ እንኳ መሪ ነሽ አላት እንጂ ተሰጥኦ አለሽ አላላትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አቶ ፀሃዬ ቀጠለ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ደንበኛው ተበታትኗል፣ ቅርንጫፉ ተዘግቶ ከሌላ ጋር ይቀላቀላል፣ ከሠራተኛው የሚበዛው ይሰናበታል። ይህን ለየሠራተኛው የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ሹመቱም ተዘጋጅቶላታል፣ የሠራተኛ ግንኙነት ኦፊሰር።

"ሰው መስማት የማይፈልገውን የሚሰማው ካንቺ ነው። እኔ ብናገር ይጮኻሉ። አንድ ነገር ብቻ፤ አትቀመጪ። ቆመሽ ንገሪ። ከተቀመጥሽ ይጎተታል፣ ልቅሶ ይሆናል። ተናግረሽ ስትወጪ 'ጨረስኩ' ብለሽ ቴክስት አድርጊልኝ።"

መርሃዊት እሺ አለች። የተራበ ሰው የቀረበለትን አይመርጥም። ተሰጥኦ ነው ተባለ፣ ማዕረግ ተሰጠው፣ ሰፈር ውስጥ የሚያስፈራው ነገር ቢሮ ውስጥ የሚያስከብር ሆነ። ለእናቷ በኩራት ነገረቻቸው። ወይዘሮ ማሚት እንኳን ደስ ያለሽ ሳይሏት ወደ ቡናቸው ዞሩ፤ ይህ ደስ አላላትም።

ሥራውን ጀመረች። አንድ በአንድ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ያስገቡላታል። እሷ በሩ አጠገብ ትቆማለች፤ ያንኑ ለስላሳ ድምፅ፣ ያንኑ ያልተጠማዘዘ እውነት ትናገራለች። አይጮኹም። አንዳንዶቹ ያመሰግኗታል፣ ይህ ነው የባሰው። "ጨረስኩ" ትላለች በስልኳ፣ አቶ ፀሃዬ አውራ ጣት ይልክላታል፣ ቀጣዩ ይገባል። ታዲያ ያ ድንኳን ውስጥ ያረፈ እግሯ ምን ሆኖ ነው እዚያ በር ላይ ሲቀያየር የሚውለው? ቤቷ ስትገባ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። እናቷ ሲጠይቋት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ምን እንደሆነች ራሷም አላወቀችም።

አንድ ቀን የካሳ ክፍሉ አንጋፋ አቶ አምኃ ተራው ሆነ። ጠዋት ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብሎ ወጣ። ማታ ከሥራ ወጥታ በመስቀል አደባባይ ስታልፍ ደረጃው ላይ አየችው። ኩባያውንና የጠረጴዛ ካላንደሩን በፌስታል ይዞ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ሰው ከሥሩ ይሮጣል፣ ባቡሩ ከላይ ያልፋል፣ እሱ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል።

"አቶ አምኃ፣ ምነው እዚህ?"

"ቤት ገብቼ ምን እላለሁ?" አላት። ካዛንቺስ የነበረው ቤቱ ፈርሶ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። "ቤቴ የፈረሰ ዕለት እንኳ ጎረቤት ነበረኝ፤ አብሮኝ ዕቃ ያወጣ፣ አብሮኝ ያለቀሰ።" ፌስታሉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። "በክፉ አትይብኝ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ። ግን እኔ በማውቀው መርዶ የነገረ ሰው አይሄድም። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ነግረሽኝ ብቻዬን ስትሸኚኝ፣ የሞትኩት እኔ መሰለኝ።"

መርሃዊት ፊቷ ጋለ። አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቆይታ ፌስታሉን ተቀበለችውና ታክሲ አብረው ያዙ። ገላን ጉራ ድረስ ሄደች፣ ሚስቱ በሩን ስትከፍት አብራው ነበረች፣ ሦስቱም ተቀምጠው ነገሩ ሲነገር የሴትዮዋን እጅ ያዘች። እራት በሉ። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ ቀጥላ የባሏን ሳህን ሞላች፣ ቀጥላ ከነገ ጀምሮ ባሏን በቀን ብርሃን እቤት ልታየው መሆኑን አንስታ ቀለደችበት። መርሃዊት ሽሮውን እየጠቀለለች ጉልበቷን ተመለከተች። ጸጥ ብሏል። እንግዲህ ለካ ነገሩ ይሄ ነው። አንደበት አልነበረም የተሰጣት። መናገርማ ደብዳቤም ይናገራል። የተሰጣት መቀመጥ ነው፤ ዕድሜ ልኳን መቀመጥ ያቃተው ሰው፣ ሌላው ሁሉ ተነስቶ በሚሸሽበት ቦታ መቀመጥ። ደስ አላት፣ ወዲያውም እስከዚያ ቀን በር ላይ ቆማ የሸኘቻቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባትና የጠቀለለችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ አቶ ፀሃዬ ቢሮ ገባች።

"ካሁን ወዲያ ቁጭ ብዬ ነው የምነግረው። ሰውዬው እስኪነሳም አልነሳም። ቤቱ መግባት የፈራውን እሸኘዋለሁ።"

አቶ ፀሃዬ ብዕሩን አስቀመጠ። "ቢሮ ነው ድንኳን ይሄ?"

"ተሰጥኦ አለሽ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"አለሽ። ተሰጥኦ ግን በሥራ ሰዓት ነው የሚሠራው። በአንድ ሰው ላይ ግማሽ ቀን ከተቀመጥሽ መቼ ልንጨርስ ነው?"

"እንግዲያው የድሮ ቦታዬ መልሱኝ።"

"የድሮ ቦታሽ ተዘግቷል። እንደነገርኩሽ ካልሆነ መልቀቂያሽን ማስገባት ነው።" ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህን ሲል ድምፁ ዝግ ያለ ነው።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እግሯ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው። ሥራ የለቀቀች እንደሆነ የእናቷን መድኃኒት የሚገዛ የለም። ካልለቀቀች ደግሞ ነገ ጠዋት በር ላይ ቆማ ለሌላው ሰው ትናገራለች፣ ከነገ ወዲያም ለሌላው፣ ያቺ የተሰጠቻት አንድ ነገርም እጇ ላይ ትበላሻለች። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ውሃ ልትጠጣ ሄዳ ሳትጠጣ ተመለሰች። ከሰዓት ላይ ወረቀት አውጥታ መልቀቂያዋን ጽፋ ጨረሰች፤ ልትፈርም ስትል ስልኳ ጮኸ።

"መርሃዊት? ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው" አለች አንዲት ሴት። "አቶ ፀሃዬ ስላንቺ አንስተው አይጠግቡም። ዛሬ አንድ ሰው ይቀርሻል።"

"ማን ነው?"

"ራሳቸው። የሚቀላቀለው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አለው። ደብዳቤው ዛሬ ይደርሳቸዋል፤ ከዚያ በፊት ባንቺ በኩል ቢሰሙት ይሻላል ብለናል። ስትጨርሺ እደውልልሻለሁ።"

መርሃዊት መጀመሪያ ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ ሰው ናት። በሩ ላይ ቆሜ፣ እሱ ባስተማረኝ ልክ፣ ብላ አሰበች። መልቀቂያዋን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። አቶ ፀሃዬ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የልጆቹን ፎቶ በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ያስገባል። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ጠዋት የተነጋገሩትንም የረሳ ይመስላል።

"ነይ፣ ነይ" አላት። "የአዲሱ ቅርንጫፍ ቢሮ መስኮቱ ሰፊ ነው ይላሉ። ይህቺን አበባ ጸሐይ ታገኛለች ብዬ ልወስዳት ነው። ትደርቃለች ትያለሽ?"

መርሃዊት በሩ ላይ ቆመች። እንቁላል ሲሰበር የሰማች መሰላት። ያቺ ደስታዋ ወዴት እንደሄደች አላወቀችም፤ እትዬ አምሳለ ማድ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር ነው የታያት። በሩን ዘጋችው። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ያለውን የእንግዳ ወንበር አነሳች፣ ጠረጴዛውን ዞረች፣ ከእሱ ወንበር አጠገብ አኖረችው።

"ወንበሩን ምን ልታደርጊው ነው?" አለ አቶ ፀሃዬ፣ ፎቶው በእጁ እንዳለ።

"ይቀመጡ፣ አቶ ፀሃዬ።"

ወንበሩን አየ። እሷን አየ። ቢሮው ውስጥ ይህች ሴት ወንበር ስትስብ ምን ማለት እንደሆነ ያደታ ለሁሉም አውርቷል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"የእኔ ተራ ነው?"

"አዎ። እርስዎም ከሚሰናበቱት ውስጥ ነዎት። አዲሱ ቅርንጫፍ የራሱ ሥራ አስኪያጅ አለው። ከዋናው መሥሪያ ቤት አሁን ደውለው ነገሩኝ፤ ደብዳቤው ዛሬ ይመጣል።"

አቶ ፀሃዬ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የእጅጌውን ቁልፍ ሊቆልፍ ሞከረ፣ አልሆነለትም። "ጥሩ" አለ። "ነገርሽኝ። እንግዲህ መሄድ ትችያለሽ።"

አልተነሳችም። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ይሳሳቃል። አቶ ፀሃዬ ቁልፉን ሲታገል ቆየ፤ መርሃዊት እጁን ያዘችና ቆለፈችለት። ያኔ ትከሻው ወረደ።

"ለአዲሱ ቢሮ ብላ ሚስቴ መጋረጃ ሰፍታለች" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "መጋረጃ። ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

"አብሬዎት እሄዳለሁ።"

"ጠዋት እኮ አባርሬሻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መርሃዊት ከጎኑ ተቀምጣ ጠበቀች። ብዙ ቆይተው ስልኳ ጮኸ፤ ያቺው የዋናው መሥሪያ ቤት ሴት ነች።

"ጨረስሽ?" አለቻት።

"አልጨረስኩም" አለች መርሃዊት። ስልኩን አጠፋችና ወንበሯን ወደ እሱ ጠጋ አደረገችው።